የሠራተኞች ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ

በታሪክ ስማቸው ሲነሣ የሚኖረው አብዛኛውን ጊዜ ነገሥታትና የጦር አለቆች ናቸው። እኛ ግን ዛሬ የምናቀርበው፣ ከአንድ የሰገራ ቤት ጉድጓድ ጠራጊ ዘንድ ለመማር ያላፈረውን ሊቅ ታሪክ ነው። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1633 ዓ.ም. በሰሜን ኢጣልያ፣ ካርፒ በምትባል ከተማ ተወለደ። በፓርማ ፍልስፍናና ሕክምና ተምሮ በ1659 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። በ1671 ወደ ሞደና ተዛወረ፤ በ1682ም በዚያው ዩኒቬርሲቲ የሕክምና መምህር ሆኖ ተሾመ።

በሞደና የየቤቱ ጉድጓድ በየሦስት ዓመቱ ይጠረግ ነበር። አንድ ቀን በራማዚኒ ቤት ጉድጓዱን የሚጠርገው ሰው ከመጠን በላይ ሲጣደፍ አይቶ አዘነለትና ምክንያቱን ጠየቀው። ሰውየውም ቀና ብሎ፣ በዚያ ከአራት ሰዓት በላይ የቆየ ሰው ዓይኑ እንደሚጠፋ አስረዳው። የራሱም ዓይኖች ቀልተውና ደፍርሰው ነበር። መድኃኒቱ ቤቱ ገብቶ በጨለማ ክፍል መዋልና ዓይኑን ለብ ባለ ውሃ ማጠብ ብቻ ነበር። ራማዚኒ ከዚህ በኋላ በከተማው የሚለምኑትን ዕውሮች ቢመለከት፣ በዚሁ ሥራ ኖረው ዓይናቸው የጠፋ ሰዎች አገኘ።

ስለዚህ ሊቁ መጻሕፍቱን ዘግቶ ወደ ሠራተኞች ደጅ ወረደ። ሸክላ ሠሪዎች በሚቀቡት እርሳስ እጃቸው ሲንቀጠቀጥና ሲሰንፍ፣ ወርቅ ለባጮች በባዜቃ ጢስ ሲመረዙ፣ የወፍጮ ሠራተኞች በዱቄት ብናኝ ሲያስሉ ተመለከተ። ማዕድን ቆፋሪውን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ ሸማኔውን፣ አዋላጂቱንም አልዘነጋም። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚጽፉ ጸሐፊዎችና መጽሐፍ ላይ ተደፍተው የሚውሉ ምሁራን ስለሚያገኛቸውም ሕመም ጽፏል፤ ይህን ክፍል እኛ ተማሪዎች ብናነበው አይጎዳንም።

በላቲን ቋንቋ ጽፎ፣ ስለ ሠራተኞች በሽታ የሚናገረውን መጽሐፉን በ1700 በሞደና አሳተመ። በዚህም መጽሐፍ ለሐኪሞች ሁለት ነገር መከረ። አንደኛው፣ ሐኪም ወደ ድሃ ቤት ሲገባ ወርቅ የተቀባ ወንበር ባያገኝ እንኳ በበርጩማ ላይ ተቀምጦ በሽተኛውን በትዕግሥት እንዲያዳምጥ ነው። ሁለተኛው፣ ከጥንት ከሂፖክራጥስ ጀምሮ በሽተኛ በሚጠየቀው ጥያቄ ላይ ሥራው ምን እንደሆነ የሚል እንዲጨመር ነው። ጥያቄይቱ አጭር ናት፤ ነገር ግን እስከዚያ ዘመን ድረስ የብዙ ሰዎች በሽታ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚቀረው ይህችን የሚጠይቅ በመታጣቱ ነበር።

በዚያው በ1700 ታላቁ የፓዱዋ ዩኒቬርሲቲ ጠርቶት በዚያ አስተማረ። በ1713 መጽሐፉን አስፍቶ እንደገና አሳተመ። የሚያሳዝነው፣ ስለ ጉድጓድ ጠራጊዎች ዓይን የተጨነቀው ሊቅ በእርጅናው የራሱ ዓይን ጠፋ። ቢሆንም ማስተማሩን አልተወም፤ በ1714 በ81 ዓመቱ በፓዱዋ ሞተ።

የዘራው ፍሬ እስኪያፈራ ብዙ ጊዜ ወሰደ። በ1910 ሉዊጂ ዴቮቶ የተባለው ሐኪም በሚላኖ ለሥራ በሽታዎች ብቻ የቆመ ክሊኒክ ከፈተ። ዛሬ በብዙ አገር አንድ ሐኪም አጠቃላይ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ፣ በሥራ ሕክምና ልዩ ባለሙያ ለመሆን ተጨማሪ ዓመታት ይማራል። ከትምህርቱም አንዱ ክፍል ፋብሪካና ማዕድን ቤት ድረስ ሄዶ ሠራተኛው የሚተነፍሰውንና የሚነካውን መመርመር ነው። ይህ ራማዚኒ በእግሩ የጀመረው መንገድ ነው።

ሸክላ ሠሪንና ቆዳ ፋቂን መናቅ በእኛም አገር የቆየ ልማድ ስለሆነ ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ዲፕሎማ ተቀብለን በየመሥሪያ ቤቱ ስንቀመጥ፣ በፊታችን የሚቆመውን ሰው ሥራው ምን እንደሆነ ጠይቀን መልሱን በትዕግሥት የምንሰማ ከሆነ፣ ያን ጊዜ በእውነት ተምረናል ለማለት እንችላለን።