ጄምስ ሲሪያክስ

ጄምስ ሄንሪ ሲሪያክስ (እ.ኤ.አ. 1904 – 1985) በለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የሠሩ እንግሊዛዊ ሐኪም ነበሩ። በጡንቻ፣ በጅማትና በመገጣጠሚያ ላይ የሚደርስን ጉዳት በእጅ መርምሮ የመለያ ዘዴ በማዘጋጀትና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን በዚሁ ዘዴ በማሠልጠን ይታወቃሉ። ጅማትን በጣት ጫፍ አግድም የማሸት ሕክምናቸው ዛሬ በብረት መሣሪያ ለሚሰጠው እሽት ከመነሻዎቹ አንዱ ነው።

ትውልድና ትምህርት

ሲሪያክስ የተወለዱት በእጅ ማከም ሙያው ከሆነ ቤተሰብ ነው። የእናታቸው አባት ሄንሪክ ኬልግረን በስዊድንና በለንደን የታወቁ የማሳጅና የሕክምና ጂምናስቲክ ባለሙያ ነበሩ፤ አባታቸውና እናታቸውም ሁለቱም ሐኪሞች ሆነው የኬልግረንን ሥራ ቀጥለዋል። ልጁ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ተምረው በ1929 ሐኪም ሆኑ። የወረሱትን የእጅ ጥበብ ግን እንዳለ አልተቀበሉትም።

የምርመራ ዘዴ

በአጥንት ሕክምና ክፍል ሲሠሩ አንድ ነገር አስተዋሉ። ራጁ ስብራት ያላሳየ ሕመምተኛ ጉዳቱ በውል ሳይለይ ወደ ማሳጅ ወይም ወደ ሙቀት ሕክምና ይላካል፤ የሚታሸውም ያመመው ቦታ ነው። ይሁን እንጂ ሕመም የሚሰማበት ቦታና የተጎዳው ቦታ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። የትከሻ ጉዳት ክንድ ላይ፣ የወገብ ጉዳት እግር ላይ ሊሰማ ይችላል።

ሲሪያክስ ያዘጋጁት ፍተሻ ቀላል ነው፤ የሥራቸው ትልቁ ክፍልም ይኸው ነው። በመጀመሪያ ሕመምተኛው ራሱ መገጣጠሚያውን ያንቀሳቅሳል። ቀጥሎ ሕመምተኛው ጡንቻውን ዘና አድርጎ መርማሪው ያንቀሳቅስለታል፤ በዚህ ጊዜ የሚያመው ከሆነ የሚጠረጠረው አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ወይም የመገጣጠሚያው ሽፋን ነው። በመጨረሻም ሕመምተኛው ሲገፋ መርማሪው አጥብቆ ይይዘዋል፤ መገጣጠሚያው ሳይንቀሳቀስ ካመመው ጉዳቱ ጡንቻው ወይም ጡንቻውን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ላይ ነው። ለምሳሌ በመጥረቢያ እንጨት ሲፈልጥ የሰነበተ ሰው ክርኑን ቢያመው፣ የእጁን አንጓ ወደ ላይ ሲገፋና ሲያዝ ሕመሙ ክርኑ ላይ ይነሣል። እንግዲህ ጣት ማረፍ ያለበት የትኛው ጅማት ላይ እንደሆነ ይታወቃል።

አግድም እሽት

እሽቱ የሚደረገው በጅማቱ ርዝመት ሳይሆን ጭረቶቹን በማቋረጥ ነው፤ ሐሳቡም ጠባሳው ከአካባቢው ሥጋ ጋር እንዳይጣበቅ ማድረግ ነበር። ቅባት አይደረግም፤ የባለሙያው ጣትና የሕመምተኛው ቆዳ አብረው መንቀሳቀስ አለባቸው።

ከደባርቅና ከዳባት ጀምሮ እስከ ሰሜን ተራሮች ግርጌ ወለምታ የገጠመው ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻ በቅቤ ወይም በቅባት ያሻል፤ ስብራት ካለ በሸምበቆ ወይም በቀርከሃ ያስራል፤ ሙያውንም አብዛኛውን ጊዜ ከዘመዱ ይማራል። በዚህ በኩል ከኬልግረን ቤት ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ ከእሽቱ በፊት ባለው ፍተሻ ላይ ነው፤ ስብራትን እንደ ወለምታ ማሸት ወይም አጥብቆ ማሰር እግርን እስከ ማሳጣት ያደርሳልና።

ሥልጠናና ጽሑፎች

እንግሊዝ ውስጥ የማሳጅ ባለሙያዎች ማኅበር በ1894 በአራት ነርሶች ተመሥርቶ በ1944 የፊዚዮቴራፒ ማኅበር የሚል ስም ይዟል። ሲሪያክስ በዚህ የሽግግር ዘመን በሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎችን እያሠለጠኑ በ1941 ስለ ማሳጅ፣ በ1947 ደግሞ ስለ ጡንቻና ጅማት ጉዳት ሁለት መጻሕፍት አሳተሙ። የኋለኛው እየተሻሻለ ደጋግሞ ታትሟል። የጀርባ አጥንትን በእጅ ማስተካከልም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ሥራ ሊሆን ይገባል ብለው ይከራከሩ ስለነበር ከኦስቲዮፓቶችና ከካይሮፕራክተሮች ጋር አልተስማሙም። የወገብ ሕመምን በአብዛኛው ከዲስክ ጋር ማያያዛቸው በኋላ ላይ የተጋነነ ሆኖ ታይቷል።

ከጣት ወደ መሣሪያ

ጥልቅ እሽት የባለሙያውን አውራ ጣት ያደክማል፤ በሥራ ብዛትም ይጎዳዋል። በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው ግራስተን የተባለው ዘዴ ጫፋቸው ጎበጥ ያለ የማይዝግ ብረት መሣሪያዎችን ይጠቀማል። መሣሪያ ብቻውን አዲስ አይደለም፤ ቻይናውያን ቆዳን በቀንድና በድንጋይ የመፋቅ የቆየ ልማድ አላቸው። መሣሪያውን የሚይዝ ሠልጣኝ ጫናውን መመጠን፣ ቁስል፣ የደም መርጋት ወይም ያልዳነ ስብራት ያለበትን ሰው መለየት ይጠበቅበታል። ስለዚህ የሲሪያክስ ፍተሻ ለብረቱም ያስፈልጋል።

የእሽቱ ጥቅም ግን እስካሁን በበቂ ጥናት አልተረጋገጠም። በ2014 የወጣው የኮክሬን ግምገማ በክርንና በጉልበት ጅማት ሕመም ላይ ያገኘው ሁለት ትናንሽ ጥናቶችን ብቻ ስለነበር ይጠቅማል ወይም አይጠቅምም ለማለት አልቻለም፤ በመሣሪያ የሚሰጠው እሽት ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ውጤታቸው የተደባለቀ ነው። ሲሪያክስ ራሳቸው ከ1950ዎቹ ጀምሮ በብዙ ሕመምተኞች ላይ ከጣት ይልቅ የስቴሮይድ መርፌን መርጠዋል።

ከቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል በ1969 ጡረታ ወጥተው ማስተማራቸውን የቀጠሉ ሲሆን በሰኔ 1985 አርፈዋል።