የዳርዊን ስጋት፦ የዘመድ ጋብቻና የዝግመተ ለውጥ ጥያቄ

በአማራ ባህል ጋብቻ ከመፈጸሙ በፊት የዘር ሐረግ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ግን የአጎትን ልጅ ማግባት በሕግ የተፈቀደ፣ በባለጸጋ ቤተሰቦች ዘንድም የተለመደ ነበር። ቻርለስ ዳርዊን የተወለደው ከእነዚህ ቤተሰቦች በአንዱ፣ እ.ኤ.አ በ1809 በሽሩስበሪ ከተማ ነው።

አባቱ ሐኪም ነበር፤ ልጁ ግን የሕክምና ትምህርቱን አቋርጦ በካምብሪጅ ተማረ። ከ1831 እስከ 1836 ቢግል በተባለች መርከብ ዓለምን ዞረ። ከጉዞው መልስ፣ በ1839፣ የእናቱን ወንድም ልጅ ኤማ ዌጅዉድን አገባ።

ትዳሩ ፍቅር ያልተለየው ነበር፤ ሐዘንም አልራቀውም። ከ10 ልጆቻቸው መካከል ሦስቱ በለጋነታቸው ተቀጠፉ። ሜሪ በ1842 በተወለደች በሳምንታት ውስጥ፣ አባቷ እጅግ የሚሳሳላት አኒ በ1851 በ10 ዓመቷ፣ ትንሹ ቻርለስ ደግሞ በ1858 ሁለት ዓመት ሳይሞላው አረፉ። ዳርዊን ራሱም ለረጅም ዓመታት በሕመም የተሠቃየ ሰው ነበር። የልጆቹ ደካማ ጤና ከወላጆቻቸው ዝምድና የመጣ ይሆን የሚለው ጥያቄ ዕረፍት ነሣው።

መልሱን የፈለገው በገበሬዎች፣ በከብት አርቢዎችና በአትክልት ቦታው ነው። በኬንት አውራጃ፣ ዳውን በተባለች መንደር በሚገኘው ቤቱ ርግቦችን አረባ፤ ከአርቢዎችም ጋር ተጻጻፈ። አርቢዎች የተፈለገን መልክ ለማጽናት የቅርብ ዘመዳሞችን እንደሚያዳቅሉ፣ ይህ ለትውልዶች ሲደጋገም ግን የመንጋው ብርታትና የመራባት ዐቅም እንደሚቀንስ ተረዳ።

የዝርያዎች አመጣጥ የተሰኘውን መጽሐፉን በ1859 ካሳተመ በኋላ ጥያቄውን በተክሎች ላይ ፈተነው። ግማሾቹን በራሳቸው ብናኝ፣ ግማሾቹን ከሌላ ተክል በመጣ ብናኝ አዳቀለ፤ ዘራቸውንም ጎን ለጎን አብቅሎ ቁመታቸውን ለካ። ሥራው 11 ዓመታት ፈጀ፤ 57 ዝርያዎችንም አካተተ። ለ10 ትውልዶች በተከታተለው አንድ ሐረግ መሰል ባለ አበባ ተክል፣ ከሌላ ጋር የተዳቀሉት ቁመት 100 ቢባል በራሳቸው የተዳቀሉት በአማካይ 77 ሆነ። ውጤቱን በ1876 አሳተመ።

ስለ ሰዎችም ማወቅ ሽቶ ነበር። በ1871 የሕዝብ ቆጠራ ስለ ዘመድ ጋብቻ ጥያቄ እንዲካተት በ1870 የምክር ቤት አባል የሆነውን ወዳጁን ጆን ላቦክን ጠየቀ፤ ምክር ቤቱ ግን ሐሳቡን ውድቅ አደረገው። ልጁ ጆርጅ በራሱ መንገድ ባደረገው ጥናት ጉዳቱ የተፈራውን ያህል ከባድ ሆኖ አላገኘውም።

ዳርዊን ውጤቱን አየ እንጂ ምክንያቱን አላወቀም። ግሬጎር ሜንዴል በ1866 ያሳተመው የውርስ ሕግ ወደ እርሱ አልደረሰም። ምክንያቱን የገለጠው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሳይንስ ነው። አንድ ተክል ከአንድ ዘረ መል አንድ ጤነኛና አንድ ደካማ ቅጂ ይዞ በራሱ ቢዳቀል፣ ከአራት ዘሮቹ በአማካይ አንዱ ሁለት ጤነኛ፣ አንዱ ሁለት ደካማ፣ ሁለቱ ደግሞ ቅይጥ ይወርሳሉ። ቅጂዎቹ ሲቆጠሩ አራት ጤነኛ፣ አራት ደካማ ናቸው፤ ድርሻቸው እንደ ቀድሞው ግማሽ በግማሽ ነው።

ዝግመተ ለውጥ የሚባለው ደግሞ የዚህ ድርሻ በትውልዶች መካከል መለወጥ ነው። ስለዚህ የዘመዳሞች መዳቀል ብቻውን የዝግመተ ለውጥ አንቀሳቃሽ ተብሎ አይቆጠርም። ነገር ግን በቅይጦቹ ውስጥ ተሸሽጎ የኖረውን ድካም ወደ ገሃድ ያወጣዋል። ያን ጊዜ ደካማው ሳይራባ ይቀራል፤ ድርሻውን የሚለውጠውም ይኸው የተፈጥሮ ምርጫ ነው። አንድ ኮርማ ለዓመታት ከሴት ልጆቹ ጋር በሚዳቀልበት ትንሽ መንጋ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው።

ዳርዊን እ.ኤ.አ ሚያዝያ 1882 አርፎ በለንደን ዌስትሚኒስተር አቤይ ተቀበረ። ጎልማሳ ለመሆን ከበቁት ልጆቹ ሦስቱ ስመ ጥር ሳይንቲስቶች ሆኑ። የአኒ ሞት ከወላጆቿ ዝምድና ጋር መያያዝ አለመያያዙን ግን አባቷ ሳያውቅ ዐለፈ።