ሉዊ ፓስተርና የቢራው በርሜል

ጠላ የሚጠምቁ እናቶች ጋኑን በግራዋ ቅጠል አሽተው ሳያጥቡና በወይራ ጢስ ሳያጥኑ ብቅልና ጌሾውን አያስገቡበትም። ጋኑ በደንብ ካልጸዳ ጠላው እንደሚበላሽ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። የሚያበላሸው ነገር ግን በዐይን አይታይም። ይህን የማይታይ ጠላት አሳድዶ የያዘው ሉዊ ፓስተር የተባለው የፈረንሣይ ሊቅ ነው። ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ብዙ ተጽፎአል፤ እኛ ግን ዛሬ በበርሜልና በጠርሙስ መካከል ስላሳለፈው ዘመኑ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት እንነግራለን። ዓመቱም ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ፓስተር በዲሴምበር 27 ቀን 1822 ዶል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ቆዳ አልፊ ሲሆን፥ ቀድሞ በናፖሌዎን ጦር ውስጥ አገልግሎ ኒሻን የተሸለመ ወታደር ነበረ። ልጁ ያደገው አርብዋ በተባለች፥ በወይን ጠጅዋ በታወቀች ከተማ ነው። በልጅነቱ የሥዕል ተሰጥዎ እንጂ የሊቅነት ምልክት እምብዛም አልታየበትም። ኋላ ግን ፓሪስ ገብቶ ከተማረ በኋላ፥ በ1848 ከወይን ጠጅ አተላ በሚገኘው አሲድ ላይ ባደረገው ምርምር ስሙ በሊቃውንት ዘንድ ታወቀ።

በ1854 በሊል ከተማ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ሆኖ ተሾመ። ሊል የፋብሪካ ከተማ ናት። በ1856 ልጁ የፓስተር ተማሪ የነበረ ቢጎ የሚባል ባለፋብሪካ፥ ከስኳር ቀይ ሥር የሚያወጣው አልኮል እየኮመጠጠ ስላስቸገረው መጥቶ አማከረው። ፓስተርም ከደኅናውም ከተበላሸውም በርሜል ጥቂት ጥቂት ወስዶ በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። በደኅናው ውስጥ ክብ ክብ የሆኑ የእርሾ ፍሬዎች ሲያይ፥ በኮመጠጠው ውስጥ ግን ከነዚያ እጅግ ያነሱ ዘንግ የሚመስሉ ነገሮች አየ። በዚያን ጊዜ ሊቢሕ የተባለው ስመ ጥሩ የጀርመን ኬሚስት መፍላት ማለት የመበስበስ ዐይነት እንጂ የሕያው ፍጥረት ሥራ አይደለም ብሎ ያስተምር ነበር። ፓስተር ግን እርሾው ሕያው ነው፤ መኮምጠጡም የሌላ ሕያው ፍጥረት ሥራ ነው ብሎ ተከራከረ። በኋላ እንደ ታየው፥ ስለ እርሾው ሕያውነት የበለጠ የቀረበው እርሱ ነበረ።

በ1863 ንጉሠ ነገሥቱ ናፖሌዎን 3ኛ የፈረንሣይ ወይን ጠጅ ለምን እንደሚበላሽ እንዲመረምር አዘዘው። እርሱም ወይን ጠጁን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ድረስ አሙቆ ማዳን እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ ወተት የሚታከምበት ፓስተራይዜሽን የተባለው ዘዴ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ያ ዘመን ለቤቱ የኀዘን ዘመን ነበረ። ከአምስቱ ልጆቹ ሦስቱ ሴቶች ልጆች በ1859፥ በ1865ና በ1866 ሞቱበት፤ ከነዚህም ሁለቱን የገደላቸው ታይፎይድ ነው። በ1868 ደግሞ ድንገተኛ ደዌ ወድቆበት የግራ ጐኑ ሰነፈ። ወይን ጠጁን ከማይታዩ ጠላቶች ያዳነው ሰው የገዛ ልጆቹን ለማዳን አለመቻሉ እንደ እሳት ሳያቃጥለው አልቀረም።

በ1870 ጀርመንና ፈረንሣይ ተዋጉ፤ ፈረንሣይም ተሸነፈች። ፓስተር በቍጣ የቦን ዩኒቨርሲቲ የሰጠውን የክብር ማዕርግ መለሰ። ቢራ መመርመር የጀመረውም በዚሁ ቍጣ ነው። የጀርመን ቢራ የላቀ ነውና፥ የፈረንሣይን ቢራ ከእርሱ ለማስተካከል ፈለገ። በ1871 ባወጣው ዘዴ የሚጠመቀውም ቢራ የአገር ብድር መላሽ ቢራ እንዲባል ወደደ። የሚያስገርመው፥ እርሱ ራሱ ቢራ የማይወድ ሰው መሆኑ ነው።

በዚያው ዓመት ወደ ለንደን ተሻግሮ ዊትብሬድ የተባለውን ትልቅ የቢራ ፋብሪካ ጐበኘ። ጥቂት እርሾ አስመጥቶ በማይክሮስኮፕ ሲያይ የማይገባ ባዕድ ነገር አገኘበት፤ ይህንኑም ለሹማምቱ ገለጠላቸው። እነርሱ በመጀመሪያ ተጠራጠሩ። ሳምንት ያህል ቈይቶ ሲመለስ ግን ማይክሮስኮፕ ገዝተው እርሾአቸውን ሁሉ ሲመረምሩ አገኛቸው።

በ1876 ያሳተመው የቢራ መጽሐፉ ይህን ሁሉ ያስረዳል። የብቅሉ ውሃ ከፈላ በኋላ ንጹሕ ነው፤ የሚያረክሰው ሲበርድ የሚያገኘው አየርና የሚገለበጥበት ዕቃ ነው። ስለዚህ የብርጭቆውን ዕቃ በነበልባል ይለበልበው፥ የብረቱን በእንፋሎት ያሞቀው፥ የሚገባውንም አየር በጥጥ ያጣራው ነበር። ግን እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ጠባይ አለው። ብርጭቆ በድንገት ቢሞቅ ይሰነጠቃል። እንጨትም በቀዳዳዎቹ ውስጥ እርጥብ እድፍ ስለሚደብቅ በቀላሉ አይጸዳም፤ ጠማቂዎች ኋላ ከእንጨት በርሜል ወደ ብረት የተሸጋገሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ዛሬ በቤቱ በትንንሽ ዕቃ የሚጠምቅ ሰውም ይህንኑ ቢያስብ ይጠቅመዋል። ማጠብና ጀርም መግደል ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው፤ እድፉ ሳይለቅ መድኃኒት ቢፈስበት ጀርሙ በእድፉ ውስጥ ተሸሽጎ ይተርፋል። ፕላስቲክ በሽቦ ቢፈተግ ይጫራል፥ ጭረቱም የጀርም ቤት ይሆናል፤ የፈላ ውሃም ብዙውን ጊዜ ያጣምመዋል፤ ለእርሱ ለስላሳ ጨርቅና ለብ ያለ ውሃ ይበቃዋል። አሉሚኒየም በኮስቲክ ሶዳ ይበላል። የማይዝገው ብረት እንኳ በረኪና ውስጥ ሲዘፈዘፍ ቢቈይ ይበሳሳል።

ፓስተር ከጀርም ጋር ብዙ ከመኖሩ የተነሣ ሰው መጨበጥ ይፈራ ነበር፤ በማዕድም ላይ ብርጭቆውንና ሳሕኑን ሳይወለውል አይበላም ነበር። ሰዎች ቢስቁበትም፥ ሊስተር የተባለው እንግሊዛዊ ቀዶ ጠጋኝ በ1874 የቍስል ሕክምናውን የመሠረተው በእርሱ ምርምር ላይ መሆኑን ገልጦ የምስጋና ደብዳቤ ጻፈለት። በ1878 ፓስተር ራሱ ለቀዶ ጠጋኞች መሣሪያቸውን በነበልባል እንዲያሳልፉ፥ ፋሻቸውንም በሞቀ አየር እንዲያነጹ መከራቸው። የበርሜሉ ትምህርት ወደ ሐኪም ቤት ገባ ማለት ነው። በ1885 የእብድ ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ ዮሴፍ ማይስተርን ክትባት ሰጥቶ አዳነ።

በቢራው ረገድ ግን ሁሉን ጨርሶ አላገኘውም። በ1883 በኮፐንሃገን በካርልስበርግ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊ ኤሚል ሐንሰን፥ ቢራን የሚያሳምመው ባክቴሪያ ብቻ ሳይሆን የዱር እርሾም እንደ ሆነ ገለጠ። ከአንዲት የእርሾ ፍሬ ብቻ ንጹሕ ዘር አራብቶም ለጠመቃ አዋለው። እርሾው ራሱ የተቀላቀለ ከሆነ ንጹሕ ዕቃ ብቻውን አያድንም ማለት ነው።

ፓስተር በሴፕቴምበር 28 ቀን 1895 ዐረፈ፤ አስከሬኑም በ1888 በፓሪስ በተከፈተው በስሙ በሚጠራው ኢንስቲትዩት ውስጥ ዐርፎአል። በአዲስ አበባም ጕለሌ አጠገብ ያለውን ሰፈር ሕዝቡ ዛሬም ፓስተር ብሎ ይጠራዋል፤ ቀድሞ በእርሱ ስም የተቋቋመ የምርምር ቤት በዚያ ነበረና።