ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ

በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ፣ ወላጆቹ በአጠገቡ ያልነበሩ አንድ የጎንደር ሕፃን በጦሩ መኮንኖች እጅ ገባ። መኮንኖቹም ወደ ሕንድ ወሰዱት፤ ቻርልስ ማርቲን የሚል ስም ወጣለት። ሕፃኑ ያጣው አገሩንና ዘመዶቹን ብቻ እንዳልሆነ ልብ በሉ፤ ቋንቋውንና ስሙንም ጭምር ነው።

ወርቅነህ በላሆር ሕክምና ተምረው በ1874 ዓ.ም. ተመረቁ። በስኮትላንድም ተጨማሪ ትምህርት ቀስመው፣ እንግሊዞች በቅኝ ግዛትነት በያዟት በበርማ የመንግሥት ሐኪም ሆኑ። ደመወዝተኛ ሹምና የተደራጀ ቢሮ ያለው አስተዳደር እንዴት እንደሚካሄድ ለማየት የቻሉት በዚያ ነው። አስተዳደሩ የቆመው ግን ለባዕድ ጌታ ጥቅም ነበር፤ እርሳቸውም የዚሁ መንግሥት አገልጋይ እንደ ነበሩ መሸሸግ አይገባም።

ከዐድዋ ድል በኋላ አገራቸውን ለማየት አዲስ አበባ መጡ። አያታቸው በገላቸው ላይ ባለ ጠባሳ ለይተው አወቋቸው፤ ወርቅነህ እሸቱ የሚለውም ስም ለባለቤቱ ተመለሰ። አማርኛውን ግን እንደ ባዕድ ሰው መማር ነበረባቸው።

በርማ ያስተማረቻቸው ሥራ ላይ የዋለው በ1920ዎቹ መጀመሪያ የጨርጨር ገዥ ሆነው ሲሾሙ ነው። መናገሻው አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬው ጭሮ፣ ነበር። የዘመኑን ሥርዐት አስቡት፤ ሹሙና ወታደሩ በቂ ደመወዝ ስለማያገኙ ኑሯቸው በገባሩ ጫንቃ ላይ ያረፈ ነበር። ገባሩ እህሉንም ጉልበቱንም ይሰጣል፤ የሚሰጠው መቼ እንደሚያበቃ ግን አያውቅም። ሐኪም ወርቅነህ ሹማምንቱ በደመወዝ እንዲተዳደሩ፣ ግብሩም የታወቀ ልክ እንዲኖረው ጣሩ፤ መንገድም አስጠረጉ። ጨርጨር ለሌሎች ግዛቶች አርአያ ትሆናለች ተብላ ነበር። ይህ በእርግጥ ከሹመታቸው ሁሉ የሚበልጥ ሥራቸው ነው። ሐሳቡን ከባዕድ ቢያገኙትም የተጠቀሙበት ለገባሩ ነውና።

ሥራው ሳይጠነክር በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ተላኩ። ኢጣልያ ስትወርር፣ ወጣትነታቸውን ያገለገሉትን መንግሥት ለአገራቸው እንዲደርስ ተማጸኑ፤ የረባ እርዳታ ግን አላገኙም። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ፋሺስቶች ቢንያምና ዮሴፍ የተባሉትን ልጆቻቸውን በአዲስ አበባ ገደሉ። አባትየው መርዶውን የሰሙት በስደት ነው።

ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በመስከረም 1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ።