ሉዊ ፓስተርና የዶሮዎቹ ሙከራ

ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1822 ዶል በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። አባቱ ቀደም ሲል በናፖሊዮን ጦር ውስጥ ያገለገለ፣ በኋላም ቆዳ በማልፋት ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ነበር። ልጁ በትምህርቱ እንዲገፋ አጥብቆ ይመኝ ስለ ነበር ወደ ፓሪስ ላከው። ፓስተርም በትጋት ተምሮ የኬሚስትሪ ሊቅ ለመሆን በቃ። ወተት የሚኮመጥጠው፣ የወይን ጭማቂም የሚብላላው በዓይን በማይታዩ ረቂቃን ተሐዋስያን አማካይነት መሆኑን በምርምሩ አስረዳ።

እ.ኤ.አ. በ1865 በደቡብ ፈረንሳይ የሐር ትሎች በበሽታ እያለቁ አርቢዎቹ ለድህነት በመዳረጋቸው፣ ፓስተር የበሽታውን ምክንያት እንዲመረምር ወደዚያ ተላከ። ጊዜው ለእርሱ የመከራ ዘመን ነበር። ከ1859 እስከ 1866 ባሉት ዓመታት ሦስት ሴቶች ልጆቹን ሞት ነጠቀው። በ1868 ደግሞ ግራ ጎኑ ሽባ ሆነ። ሆኖም ሥራውን አላቋረጠም። ሙቀትና እርጥበት በበዛበት፣ አየር በማይዘዋወርበት ጠባብ ቤት ታጭቀው የሚያድጉ ትሎች በቀላሉ ለበሽታ እንደሚጋለጡ አስተዋለ።

ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላ ይኸው ጉዳይ በዶሮዎች ላይ ይበልጥ ግልጽ ሆነ። አባሰንጋ በጎችንና ከብቶችን ሲፈጅ ዶሮዎችን ግን አይነካም ነበር። የዶሮ የሰውነት ሙቀት 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው፤ የአባሰንጋ ባክቴሪያ ደግሞ በ44 ዲግሪ ሙቀት አይራባም። ስለዚህ ፓስተር ዶሮዎችን ከበሽታው የሚጠብቃቸው ሙቀታቸው ይሆናል ብሎ ገመተ። ግምቱንም ለመፈተን ለአንዲት ዶሮ ባክቴሪያውን በመርፌ ከሰጣት በኋላ የታችኛውን የሰውነቷን ክፍል 25 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ አቆየው። ሙቀቷ ወደ 38 ዲግሪ ገደማ ወረደ፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ባክቴሪያው ተሰጥቷት ያልቀዘቀዘችው ዶሮ ግን አልሞተችም። ባክቴሪያው ሳይሰጣት የቀዘቀዘችውም እንዲሁ ተረፈች። ከታመመች በኋላ ከውሃው ወጥታ እንድትሞቅ የተደረገች ሌላ ዶሮ ደግሞ ዳነች። ፓስተር ይህን ውጤት በ1878 በፓሪስ የሕክምና አካዳሚ ለተሰበሰቡት ሊቃውንት አቀረበ። በዚህም ባክቴሪያ ወደ ሰውነት መግባቱ ብቻ በሽታ ለማምጣት ሁልጊዜ እንደማይበቃ አሳየ።

በኋላ የተደረገው ምርምር ጉዳዩን አስፋፍቶታል። ብርድ የሰውነትን ሙቀት ከመቀነሱም በላይ የመከላከል ኃይሉን ሊያዳክም ይችላል። ባክቴሪያዎችም ቢሆኑ በዙሪያቸው ያለው ሙቀት ወይም ምግብ ሲለዋወጥ ውጫዊ ገጽታቸውን ይለውጣሉ። ስለሆነም በሰውነት ሕዋሶች ላይ የመጣበቅ ችሎታቸው አንድ ጊዜ ይበረታል፤ ሌላ ጊዜ ይደክማል።

ፓስተር በ1881 ከረዳቶቹ ጋር ያዘጋጀው የአባሰንጋ ክትባት በጎችን ከሞት እንደሚያድን በብዙ ሕዝብ ፊት አረጋገጠ። በ1885 ደግሞ በእብድ ውሻ የተነከሰን አንድ ልጅ በክትባት ረዳ፤ ልጁም ከበሽታው ተረፈ። በስሙ የተሰየመው የምርምር ተቋም በ1888 ፓሪስ ውስጥ ተከፈተ። ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1895 በሰባ ሁለት ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። በሽታን ለመከላከል ተሐዋስያንን ማወቅ ብቻ ሳይሆን የሰውነትን ጤንነትና የመኖሪያን ሁኔታ መጠበቅም እንደሚያስፈልግ ሥራው ያስተምራል።