ናትናኤል ባልድዊንና የጆሮ ማዳመጫው

በሙያችን ታሪክ ስማቸው ሊዘነጋ የማይገባው ናትናኤል ባልድዊን በ1878 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ አገር በዩታ ተወለዱ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ወደ ዩታ ከተመለሱ በኋላ፣ በማድ ቤታቸው የሠሩትን ጥንድ ማዳመጫ በ1910 ለባሕር ኃይል ላኩ። መሥሪያ ቤቱ ቢፈትነው ደካማውን ድምፅ አጉልቶ የሚያሰማ ሆኖ አገኘው፤ ትእዛዝም ሰጠ። ሠሪው ግን በአንድ ጊዜ ከ10 በላይ ለማዘጋጀት አልቻሉም ነበር።

ምሥጢሩ በማግኔት ዋልታዎች መካከል ተመዛዝና የተንጠለጠለች ትንሽ የብረት ምላስ ነበረች፤ በጥቅልል ሽቦው የሚያልፈው ሞገድ ሲያወዛውዛት እርስዋ ስሱን የሚካ ሽፋን ታንቀጠቅጣለች። ዛሬ ድምፃውያን በጆሯቸው የሚከቱት ውድ ማዳመጫ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በዚሁ መርህ ነው። (ገዢ ከዋጋው አስቀድሞ ጫፉ የጆሮውን ቀዳዳ በሚገባ መድፈኑን ይመርምር፤ ካልደፈነ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ኩክም ቱቦውን እንዳይዘጋ ማጣሪያውን በየጊዜው መለወጥ ግድ ነው።)

ባልድዊን ፋብሪካቸውን ከዩታ ለማራቅ አልፈቀዱም። በመሣሪያ ላይ የነበራቸው ጥንቃቄ ግን በገንዘብ ላይ አልታየም፤ ሀብታቸውን በወዳጆቻቸው ድርጅቶች ላይ አፍስሰው በ1924 ከሰሩ፤ ኋላም በፖስታ ማጭበርበር ተከስሰው ታሰሩ። በ1961 በድህነት አረፉ።