ኩብን በልጆች እጅ ያስጨበጠ መምህር
የፍሪድሪሕ ፍሮቤል አጭር የሕይወት ታሪክ

አንድ መምህር በጠመኔ ኩብ ሰሌዳ ላይ ስሎ ስንት ገጽ እንዳለው ቢጠይቅና ልጆቹ ሦስት ብለው ቢመልሱ አይፈረድባቸውም። የሚታያቸው ሦስቱ ብቻ ነዋ! ልጅ ጠጣር ምስልን በእጁ ይዞ ማወቅ አለበት ብሎ የተነሣውን ሰው ዛሬ እናስተዋውቃችኋለን። ፍሪድሪሕ ፍሮቤል ይባላል።

ፍሮቤል በ1782 በጀርመን አገር፣ ኦበርቫይስባሕ በተባለች መንደር ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዓመት ሳይሞላው እናቱ ሞተችበት። አባቱ ቄስ ስለነበር ሥራ ይበዛበታል፤ የእንጀራ እናቱም ፊት ነሳችው። በ15 ዓመቱ የደን ሥራ ሊማር ገባ። ከዚያ የና ዩኒቨርሲቲ ቢገባም በዕዳ ታስሮ ትምህርቱን አቋረጠ። በ1805 ፍራንክፈርት ውስጥ ማስተማር ሲጀምር ግን የሚወደውን ሥራ አገኘ። ከ1808 እስከ 1810 ስዊዘርላንድ ሄዶ ከታዋቂው መምህር ከፔስታሎዚ ዘንድ ተማረ።

ከ1814 እስከ 1816 በበርሊን የማዕድን ሙዚየም በፕሮፌሰር ቫይስ ሥር ረዳት ነበር። እዚያ የሚውለው ከክሪስታሎች ጋር ነው። ክሪስታል ማንም ሳይጠርበው ገጾቹና ጠርዞቹ በሥርዓት የተስተካከሉ ጠጣር አካል ነው። ሩቅ ሳንሄድ፣ የገበታ ጨው ቅንጣት በማጉያ መነጽር ሲታይ ትንሽ ኩብ ነው። ፍሮቤል ይህን የተፈጥሮ ሥርዓት ለሕፃናት ለማድረስ ቆርጦ ተነሣ።

በ1837 ብላንከንቡርግ በተባለች ከተማ የሕፃናት ማስተማሪያ ከፈተ፤ በ1840ም ኪንደርጋርተን አለው፤ የልጆች የአትክልት ቦታ ማለት ነው። እኛ መዋዕለ ሕፃናት የምንለው መሆኑ ነው። ስጦታ ብሎ የሰየማቸውን መጫወቻዎችም በተራ አዘጋጀ። አንደኛው ከሱፍ ክር የተሠሩ ስድስት ባለ ቀለም ኳሶች ናቸው። ሁለተኛው ከእንጨት የተሠሩ ሉል፣ ሲሊንደርና ኩብ ናቸው። ኩቡ በክር ተንጠልጥሎ ሲሽከረከር ሲሊንደር መስሎ ይታያል፤ ልጆች ይደነቃሉ! ሦስተኛው ስምንት ትንንሽ ኩቦች ሆኖ የሚፈታ አንድ ኩብ ነው፤ ልጁ ፈትቶ ይሠራበትና መልሶ ሙሉ ያደርገዋል። ከዚህ ሌላ በራሰ አተርና በቀጫጭን ስንጥር ጠጣር ምስሎችን ማቆም ነበር።

ምን ዋጋ አለው፣ በነሐሴ 1851 የፕሩሺያ መንግሥት መዋዕለ ሕፃናትን ሁሉ ከለከለ። ሃይማኖት ያስክዳሉ፣ ሶሻሊዝም ያስፋፋሉ ተባለ፤ የወንድሙ ልጅ የካርል ፍሮቤል ጽሑፍ ከእርሱ ጋር ተምታቶበት ነበር። ፍሮቤል በዚያን ጊዜ ማሪየንታል ውስጥ ወጣት ሴቶችን ለመምህርነት ያሠለጥን ነበር። እገዳው ሳይነሣለት በሰኔ 1852 ሞተ። እገዳው የተነሣው በ1860 ነው። ሥራውን ወደ ሌሎች አገሮች ያዳረሱት ያሠለጠናቸው መምህራንና ደጋፊዎቹ ናቸው። በመቃብሩም ላይ ኩብ፣ ሲሊንደርና ሉል ተደራርበው ቆመውለታል።

ታዲያ እኛ ዕጩ መምህራን ምን እናድርግ? ሀብታም ትምህርት ቤት እስኪገኝ መጠበቅ የለብንም። አቃቂና ቃሊቲ ውስጥ ከአናጢ ቤት ቁርጥራጭ እንጨት ለምኖ ማግኘት አያቅትም። ልጆች በየመንገዱ የሚያዩትን ብሎኬት ከኩብ ጋር ያወዳድሩት፤ ገጾቹ እኩል ናቸው ወይ? አንድ እፍኝ አተር ማታ ዘፍዝፈን ብናሳድርና ስቴኪኒ ብንይዝ ደግሞ፣ በ8 አተርና በ12 ስቴኪኒ ኩብ ይሠራል። በ6 አተርና በዚያው በ12 ስቴኪኒ ስምንት ባለ ሦስት ማዕዘን ገጾች ያሉት ውብ ጠጣር ምስል ይወጣል። ልጆቹ ሁለቱን ጫን ጫን ያድርጓቸው። ኩቡ ይንጋደዳል፤ ያኛው ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሦስት ማዕዘን ጎኖቹ ካልተሰበሩ ቅርጹን አይለቅምና። ይህን ልጁ ራሱ ደርሶበት ለምን ብሎ ይጠይቀን። ስሙንና ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ የምንጽፈው ከዚያ በኋላ ይሁን።